ለለቅሶ የተቀመጠች ቤልጅግ

የጠመንጃ ድምፅ እንደ ሰው ድምፅ ይለያያል ስላቸው ልጆቼ ይስቁብኛል። ከክላሽ ጋር ያደጉ ናቸውና ተኩስ ሁሉ አንድ ይመስላቸዋል። እኔ ባደግሁበት በመተማ ቆላ ግን ወጥ የምታማስል ሴት ከሜዳው ማዶ ተኩስ ስትሰማ ቀና እንኳ ሳትል «የእገሌ ነው» ትል ነበር። ምንሽር ቀጭን ነው፣ ጆሮ ይሰነጥቃል። አልቢን እንደ ጉንፋናም ሽማግሌ ያስላል። የአባቴ ቤልጅግ ወፍራምና ደረቅ ድምፅ ነበራት፤ አንድ ጊዜ ትጮህና ዝም ትላለች። ይህን ማወቅ ያን ጊዜ ለምንም የሚጠቅም አይመስለኝም ነበር። ለካ ሰው ለማሳሰር ይጠቅማል።

አባቴ በጠመንጃ ነገር ልቡ የጠፋ ሰው ነበር። ሌላው ሰው ሰሊጡን ሸጦ በሬ ሲገዛ፣ እሱ በሬውን ሸጦ ጠመንጃ ይገዛል። አዲስ ነገር አይወድም፤ የሚፈልገው እነዚያን የድሮዎቹን፣ አንድ በአንድ እያቀባበሉ የሚተኩሷቸውን ነው። ዓይኑ የደከመ አዳኝ ጠመንጃውን ሊለቅ ነው ከተባለ ቋራ ድረስ በእግሩ ይሄዳል። ገላባት ገበያ የጀርመን ማውዘር ታየ ከተባለ ድንበር ተሻግሮ ያድራል። ሰደፋቸው የተሰነጠቀውን በጠፍር እያሰረ፣ ዝገታቸውን በአመድ እየፈተገ፣ ከትራክተር ሾፌሮች በለመነው ዘይት እያሸ ግድግዳው ላይ ይደረድራቸዋል። እናቴ በሕይወት ሳለች «ጣውንቶቼ» ነበር የምትላቸው። «ለኔ ቅባት ሲገዛ አይቼው አላውቅም፤ እነሱን ግን ይኸው ሲያሽ ይውላል» ትልና ትስቃለች። እኔ ባሌን ፈትቼ ወደ አባቴ ቤት ስመለስ እናቴ ሞታ ነበር። ጣውንቶቿ ግን እንደተሰቀሉ ነበሩ።

ከሁሉም የሚበልጥበት ያቺ ቤልጅግ ነበረች። አሠራሯ የማውዘር ነው፤ ስሟን ያገኘችው ከተሠራችበት አገር ነው። ጥይት የምትጎርስበት ብረት አናት ላይ ዘውድ የጫነ አንበሳ ተቀርጾባታል። አባቴ እሷን ለአደን እንጂ ለሌላ ነገር አያወጣትም፤ ሠርግ ላይ ተኩስልን ቢሉት እንኳ ሌላዋን ይዞ ይሄዳል። ምክንያቱን የማያውቅ ጎረቤት አልነበረም። «ይች ለለቅሶዬ ናት» ይላል።

በኛ አገር ጠመንጃ የነበረው ሰው ሲሞት ጠመንጃው ለቅሶው ሜዳ ላይ ይወጣል። ከልብሱ ጋር በበቅሎው ላይ ይጫናል። አልቃሿ ወደሱ እያመለከተች የሟቹን አደን ታነሳለች፣ በመጨረሻም የቅርብ ወዳጁ ያንኑ ጠመንጃ አንሥቶ ወደ ሰማይ ይተኩስለታል። ይህ ካልሆነ ለቅሶው ባዶ ነው ይባላል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የፈራው ነገር ቢኖር ባዶ ለቅሶ ነው። ሞትን ራሱን ያን ያህል የሚፈራው አይመስለኝም።

የአደን ጓደኛ ነበረው። በገለጉ መንገድ ላይ የሚኖር፣ ጥርሱ ያለቀ፣ ቀልደኛ ሽማግሌ ነው። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው እየተደገፈ ሂላ ሆኖ በየእርሻው ከቆመ በኋላ ሁለቱ ለአደን ይወጣሉ። እኔ ሥጋ የምትጭን አህያ እየነዳሁ ከኋላ እከተላቸዋለሁ። አባቴ በአደን ላይ ሌላ ሰው ነበር። ቤት ውስጥ ወጥ ዘገየ ብሎ የሚነጫነጨው ሰውዬ፣ እዚያ ሲደርስ ጉንዳን ላዩ ላይ ቢወጣበት አይንቀሳቀስም። ጥይት እንደ ልብ አይገኝም። መተማ ዮሐንስ ሱቅ የነበራቸው አንድ ሙስሊም ነጋዴ ከገላባት በሻይ ሣጥን ውስጥ ደብቀው ነበር የሚያመጡለት፤ ሲያልቅባቸው ሁለት እጃቸውን አራግፈው «ኸላስ» ይሉታል፣ እሱም ኩርፊያውን ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ አንድ አጋዘን በአንድ ጥይት ነው፤ ያውም ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ከብብቱ ሥር። ጭን የሚመታ ሰው ለሱ ተኳሽ አይደለም። «እንስሳውን ያሰቃያል፣ ሥጋውንም ያበላሻል፤ ምኑ ነው አዳኝ?» ይላል።

አጋዘኑ እንደወደቀ ነፍሱ ሳትወጣ ባርኮ ማረድ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ለክርስቲያን አይበላም። ቢላዋ ይዞ የሚሮጠው ያ ሽማግሌ ነበር። «በስመ አብ»ን ከሩቅ ይጀምርና እየተንገዳገደ ሄዶ «አሜን» ሲል አንገቱ ላይ ይደርሳል። አባቴ ያን ሩጫ ባየ ቁጥር እንባው እስኪፈስ ይስቅ ነበር። አንድ ቀን በእንዲህ ያለው ሳቅ መካከል ነው ቃል የተጋቡት። ሽማግሌው ላቡን እየጠረገ «እንግዲህ እኔ እየሮጥሁ ከሞትሁ ተኩስልኝ» አለው። አባቴ ሳቁን አቆመና «የቀደመው ይቅደም፤ የቀረው ይተኩሳል» አለ። እጅ ተመታቱ። እኔ ሥጋውን አህያዋ ላይ እየጫንሁ ነበር፤ የሽማግሌ ጨዋታ መስሎኝ አለፍሁት።

ኋላ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር የሆነውን ሰው ነገር ለብቻው ማንሣት አለብኝ። መጀመሪያ ሊቀመንበር አልነበረም። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነበር። ወባ ጥሎት ጓደኞቹ ትተውት ሲሄዱ አባቴ ከእርሻው ዳር አንሥቶ ቤታችን አስገባው። እናቴ ናት አጥሚት እያጠጣች ያዳነችው። ድኖም አልሄደም፤ ከኛው ጋር ቀረ፣ አባቴም ተኩስ አስተማረው። ቤልጅጓን ከአባቴና ከሽማግሌው ሌላ የተኮሰ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው። በተኮሰባት ቀን አጋዘኑን ጭኑን መታው። የቆሰለውን እንስሳ ደሙን እየተከተልን ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ዞርን፤ ስናገኘው ሞቶ ቀዝቅዞ ነበር። አባቴ ጠመንጃዋን ከእጁ ተቀበለና እስከ ቤት ድረስ አላናገረውም። ሰውየው ያን ዝምታ የረሳው አይመስለኝም። አጥሚቱን ግን ረስቶታል።

ደርግ መጥቶ የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም፣ መሬት የሌለህ ጭቁን ነህና ምራን ተብሎ ተመረጠ። አባቴም እጁን አውጥቶ ነው የመረጠው። «የኛው ልጅ ነው» እያለ ለሰው ይናገርለት ነበር። ከዚያ በኋላ ሰውየው አባቴን «ጓድ አባቴ» ይለው ጀመር። እንዲህ ያለ አጠራር ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ ሰምቼ አላውቅም፤ ማክበሩ ይሁን መቀለዱ አይታወቅም።

ድንበሩ ሲታወክ፣ ጫካው ውስጥ ሽፍታ በዛ ሲባል፣ መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስረክብ የሚል ትእዛዝ መጣ። ስብሰባው ላይ ሊቀመንበሩ ትእዛዙን አነበበና ዓይኑን አባቴ ላይ አሳረፈ። በማግስቱ አባቴ ጣውንቶቹን ከግድግዳ አውርዶ በአህያ ጭኖ ወሰደ። አንዷን ብቻ አልወሰደም። «ቤልጅጓስ፣ ጓድ አባቴ?» አለው። «ገላባት ሸጥኋት» አለ አባቴ። ሊቀመንበሩ ፈገግ ብሎ «ጥሩ ዋጋ አውጥታልዎት ይሆናል» አለና ሌላ ነገር አልጠየቀም። አባቴ የተሸወደ መስሎት እየተደሰተ መጣ። እኔን ግን ያ ፈገግታ አላስተኛኝም።

ጠመንጃ የቀበሩ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። አብዛኞቹ ከደጋ የመጡ ናቸውና እንደ ደጋው ጉድጓድ ቆፍረው ነው የቀበሩት። የቆላው ዋልካ አፈር ግን ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ ብረት አያስቀምጥም፤ ኋላ ቆፍረው ያወጡት ዝገት ነው። አባቴ ይህን ያውቃል። ቤልጅጓን በዘይት አሽቶ፣ በሰም በተነከረ አቡጀዲ ጠቅልሎ፣ ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ጥላ ፈልጎ በሚጋደምበት ቀትር ላይ ሆዱ ባዶ የሆነ የዲማ ዛፍ ውስጥ አስገባት። አፉን በድንጋይ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ዝንጀሮ እንኳ አላገኛትም። ሊቀመንበሩ ሰው ልኮ ጎተራችንን አስገለበጠ፣ የጓሯችንን መሬት በጦር አስወጋ። ምንም አልተገኘም።

ሽማግሌው የሞተው በበጋው ነው። በሩጫ አይደለም፤ ተኝቶ ነው የሞተው። ለቅሶው የሚያሳፍር ነበር። የሱንም ጠመንጃ ወስደውበት ነበርና በቅሎዋ ላይ የተጫነው ጋቢውና ጥይት የሌለበት ዝናሩ ብቻ ነው። አልቃሿ ስለ አደኑ ግጥም ስትደረድር ልማድ ሆኖባት እጇን ወደ በቅሎዋ ትዘረጋለች፤ ከዚያ የምታመለክተው ነገር ታጣና እጇን ትመልሳለች። ይህን ሦስት አራት ጊዜ ስታደርግ አባቴን አየሁት። ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ ነበር። ተነሥቶ ከሰዉ መካከል ወጣ። ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ሲመለስ ጋቢው ከወትሮው ሰፍቶ ነበር። ሮጬ ጠርዙን ያዝሁት። «አባባ፣ ይተውት። ሰውየው እዚህ ነው» አልሁት። ሊቀመንበሩ ከለቀስተኛው ጋር ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር፤ የእውነት እንባ። «አይቸዋለሁ» አለኝ አባቴ። «እና?» ስለው «እናማ ቃል ሰጥቻለሁ። ልቀቂኝ አንች» አለ። ለቀቅሁት። ይዤው ቢሆን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ፤ ግን እሱን ይዞ የሚያስቀር ጉልበት እንኳን እኔ ወንዶቹም አልነበራቸውም።

መሀል ሜዳ ገባ፣ ጋቢውን ጣለ፣ አቀባበለ፣ ወደ ሰማይ አነሣት። ምላጩን ሳበው። ቀጭ አለች። ጥይቷ ከሸፈች።

እግዚአብሔር ይመስገን አልሁ በሆዴ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ማንም አይወቅሰውም ነበር። ሞክሯል፣ አልሆነም፣ ሟችም ይቅር ይለዋል። ጠመንጃዋን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ከሰዉ ጀርባ ለማሳለፍም ጊዜ ነበረ፤ ድምፅዋ ገና አልተሰማምና። አባቴ ግን የከሸፈችውን ጥይት አውጥቶ መሬት ላይ ጣላት፣ ከኪሱ ሌላ አወጣ፣ አጎረሰ። ሁለተኛዋ ጮኸች። ያ ወፍራምና ደረቅ ድምፅ በሜዳው ላይ አለፈ፤ ከዚያ እስከ ወንዙ ድረስ ያለ ሰው ሁሉ የማን እንደሆነች አወቀ። ሴቶቹ እንደ አዲስ ተነሥተው አለቀሱ። ሽማግሌው ለቅሶ አገኘ።

ሊቀመንበሩ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ተነሥቶ የአባቴን ትከሻ ሳመው። «ወዳጅ ማለት እንዲህ ነው» አለው። ተመልሶ ተቀመጠ፣ የለቅሶውን ንፍሮ ቆረጠመ፣ ጠላውን ጠጣ፣ ሐዘንተኞቹን ተሰናብቶ ሄደ። በማግስቱ ማለዳ ከታጣቂዎቹ ጋር በራችን ላይ ነበር። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ ያን ንፍሮ ሳይበላ ቢይዘው ኖሮ ቢያንስ ጠላት ነው እል ነበር።

ሊቀመንበሩ የነገረውን ነገር አባቴ ኋላ አጫወተኝ። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ቤልጅጓን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ፣ በመዳፉ እየዳበሳት፣ «ጓድ አባቴ፣ ጎተራዎን ያስፈተሽሁት እንዲያው ለወጉ ነው። ወዳጅዎ ሲሞቱ እንደሚያወጧት አውቅ ነበር። ሞታቸውን ነው ስጠብቅ የነበረው» አለው። የቃል ኪዳኑን ነገር እኛው ቤት፣ እኛው ማዕድ ላይ ነው የሰማው። አባቴ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ማንም አይይዘውም ነበር። የተያዘው ጥሩ ሰው ስለነበረ ነው፤ ያ ሰውዬም ይህን ከኛ ሁሉ በላይ ያውቅ ነበር።

ለሽፍታ መሣሪያ ያስቀምጣል ተብሎ ጎንደር ተወሰደ። ክረምቱን እዚያ ከረመ። ሲመለስ ቀኝ ክንዱ ከትከሻው በላይ አይነሣም ነበር። እንጀራ የሚጎርሰው በግራው ነው። ምን እንዳደረጉት አልነገረኝም፤ ስጠይቀው «ብርድ ነው፣ የደጋ ብርድ» ይለኛል።

ቤልጅጓን ሊቀመንበሩ ለራሱ አደረጋት። ታጣቂዎቹ ክላሽ ይዘው ሲከተሉት እሱ የድሮዋን አንግቶ ይሄዳል፤ ትልቅነት የመሰለው ይህ ነው። አንበሳው ላይ ያለው ዘውድ የንጉሥ ነው ተብሎ እንዳያስጠይቀው በሞረድ ፍቆ፣ አንበሳውን ራሰ በራ አድርጎታል። በደጃችን ሲያልፍ ቆሞ «እንዴት አደሩ፣ ጓድ አባቴ?» ይላል። አባቴ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ሰውየው ለአደን ወደ ሜዳው ሲወርድ አባቴ ዳሱ ሥር ተቀምጦ ጆሮውን ወደዚያ ያደርጋል። አንድ ጊዜ ስትጮህ ዝም ይላል። ወዲያው ስትደግም «አልወደቀም» ይላል። ስትሠልስ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። በሕይወቱ የቀረችው ሥራ ይች ነበረች፤ በሰው እጅ ያለች ጠመንጃውን መስማት።

ሕመሙ ሲጠናበት አንድ ጠዋት ጠራኝና «ሂጅና ለለቅሶዬ ያውሰኝ በይው። ለአንድ ቀን ብቻ» አለኝ። ያንን ሰው እሱ ይለምነዋል ብዬ በሕልሜም አላሰብሁም። እያለቀስሁ ሄድሁ። እንባዬን ሲያይ አባቴ የሞተ መስሎት ደነገጠ። ስነግረው እጄን ያዘኝ። «ምን ማለትሽ ነው? እሳቸው እኮ አባቴ ናቸው። እኔው ራሴ ይዣት መጥቼ እተኩሳለሁ» አለኝ። ለአባቴ ነገርሁት። «እሱ መጥቶ?» አለና ትንሽ አሰበ። «ይምጣ። ወደ ሰማይ ነው፤ ሰማይን አይስትም» አለ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሳምንት ሳይሞላው ሞተ።

ለቅሶው ላይ የመተማውን ነጋዴ ጨምሮ ብዙ ሰው መጣ። በቅሎዋ ላይ ጋቢውንና የአደን ባርኔጣውን ጫንን፤ ለጠመንጃዋ ቦታ ተውንላት። አልቃሿ ነገሩን ታውቃለችና ግጥሙን ታስረዝማለች። የአጋዘኑን አለቀሰች፣ የከርከሮውን አለቀሰች፣ የሽማግሌውን ለቅሶ እንኳ አነሣች። ዓይናችን ሁሉ መንገዱ ላይ ነበር። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። ሊቀመንበሩ አልመጣም።

ልንበተን ስንል ከወንዙ በኩል ከሩቅ ተሰማች። ወፍራምና ደረቅ። ሰዉ ሁሉ ቀና አለ። አንድ አዛውንት ባርኔጣቸውን አውልቀው «ተተኮሰለት» አሉ፤ ሴቶቹም እልል ማለት እንደቀራቸው ሆነው ተነሥተው አለቀሱ። እኔም ለአንዲት አፍታ አመንሁ። እንደ ምንም ብሎ ከሩቅም ቢሆን ቃሉን ጠበቀ አልሁ። ከዚያ ደገመች። ትንሽ ቆይታ ሠለሰች፤ ከፊተኛው ራቅ ብላ፣ እየሮጠ እንደሚተኩስ ሰው። «አልወደቀም» የሚለው የአባቴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ መጣ።

ወደ ማታ አንድ ታጣቂ የአጋዘን ቅልጥም ከነጭኑ ተሸክሞ መጣ። «ሊቀመንበሩ ወደዚሁ ሲመጡ አጋዘን አጋጥሟቸው ነው የቀሩት። ይህን ለለቅሶ ቤት ይሁን ብለዋል» አለኝ። ተቀብየው ጓዳ ገባሁ። ገልበጥ ሳደርገው ጭኑ ላይ የጥይት ቀዳዳ አለ፤ ዙሪያው ያለው ሥጋ በደም ጠቁሯል። አውጥቼ ለውሾች ጣልሁት።

እዚያ አገር ስሄድ እስከ ዛሬ ድረስ ሊያጽናኑኝ ብለው «አባትሽ ዕድለኛ ናቸው፤ በዚያ ክፉ ዘመን ስንቱ በባዶ ሲለቀስለት በገዛ ጠመንጃቸው ተተኩሶላቸዋል» ይሉኛል። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ አልፋለሁ። የተተኮሰው ለአጋዘኑ ነበር፤ እሱም በአባቴ ሚዛን ተሳተ።